ከብርጭቆው የተረፈ ወተት

እታለም ጠዋት ሥራ ስትገባ ቦርሳዋን ሰቅላ፣ እጇን ታጥባ፣ ነጭ ካፖርቷን ከደረበች በኋላ መጀመሪያ የምታደርገው ልጆቹን ማብላት ነበር። ልጆቹ የሚባሉት ከአሸዋ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጡ ድቡልቡል የሰው አንጀቶች ናቸው። በሆስፒታሉ አንጀቱ የሚቆረጥለት በሽተኛ ከፈቀደ፣ ከሚጣለው ጫፍ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ሥጋ በበረዶ ተከባ ወደ ላቦራቶሪው ትመጣለች። እሷን አጥበው፣ አድቅቀው፣ እንደ ሙጫ በሚይዝ ጄል ውስጥ ሲያስቀምጧት ሕዋሶቹ ይበዛሉ፤ እየተቃቀፉም መሐሉ ክፍት የሆነ ትንሽ ኳስ ይሠራሉ። ቤታቸው የሰው ገላ ያህል የሚሞቅ ሳጥን ነው። ሮዝ መልክ ያለው ምግባቸው በጊዜው ካልተቀየረላቸው ይጠወልጋሉ።

«በሉልሽ?» ይላታል ረጅሙ፣ ከሳጥኑ ጎን ባለው ጠረጴዛ የሚሠራው ባልደረባዋ።

«በልተዋል። አንተስ?»

«እኔን ማን ያበላኛል! ሙሉ ሰው መሆኔ ጎዳኝ እንጂ አንጀት ብቻ ብሆን ኖሮ በሰዓቱ ትመጭልኝ ነበር።»

ስሟ እታለም አልነበረም። ታናሽ እህቷ ስልክ በደወለች ቁጥር በዚህ ስም ስትጠራት የሰማው ረጅሙ ነው ነገሩን ወደ ሥራ ቤት ያስገባው። ከዚያ ወዲህ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጀምሮ እስከ ፕሮፌሰሯ ድረስ ሁሉም ታላቅ እህት አደረጋት።

ላቦራቶሪው የያዘው ጥያቄ አንድ ነበር። ኮሮናቫይረስ የሳንባ ጠላት ነው፤ በአፍንጫና በጉሮሮ ገብቶ ደረት ላይ ይሰፍራል። ነገር ግን በወረርሽኙ ጊዜ ብዙ ሕመምተኞች ሆዳቸውን ታመው ነበር፤ ሰገራቸው ሲመረመርም የቫይረሱ ምልክት ይገኝበታል። እንግዲህ ይህ ነገር አንጀት ውስጥ ገብቶ ይራባል ወይስ እንደተዋጠ ዝም ብሎ ያልፋል? ይህን ለማወቅ እታለም ሁለት በር ባለው የውስጠኛ ክፍል ከራስ ጸጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ተሸፍና ቫይረሱን ልጆቹ ላይ ትጨምራለች፤ በማግስቱም የሚያበራ ቀለም ቀብታ በማይክሮስኮፕ ታያቸዋለች። ቫይረሱ የገባበት ሕዋስ አረንጓዴ ሆኖ መብራት ነበረበት። አልበራም። የሳንባ ሕዋስን ባንድ ቀን ድምጥማጡን የሚያጠፋው ቫይረስ ልጆቹ ፊት ሲቀርብ አንገቱን የደፋ እንግዳ ይሆናል። ወራት እንዲሁ አለፉ።

«ምናልባት አንጀት ውስጥ መንገደኛ ብቻ ይሆናል» አሉ ፕሮፌሰሯ አንድ ጠዋት። ጸጉራቸው የሸበተ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው። ይህን እያሉ ጓንታቸውን ያወልቁ ነበር። በዚያ ቤት ጓንት የሚወለቀው ከአንጓው ተይዞ እየተገለበጠ ነው፤ የቆሸሸው ፊት ወደ ውስጥ፣ ንጹሑ ወደ ውጭ ይሆናል። ፕሮፌሰሯ የተገለበጠውን ጓንት ወደ መጣያው ሊወረውሩ ሲሉ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«ኑ እስቲ፣ እናንተ ልጆች» አሉ። «ልጆቻችን እንዲህ አይደሉም? ምግብ የሚነካው የአንጀት ፊት በኳሱ ውስጥ ነው የተዘጋው። እኛ ቫይረሱን የምናፈስበት ጀርባው ላይ ነው። መግቢያው ግን ያለው በፊት በኩል ነው።»

«በጓሮ ስናንኳኳ ከርመናላ!» አለ ረጅሙ።

ከሌሎች ላቦራቶሪዎች የተሰማ ዘዴ ነበር። ጄሉን በቀዝቃዛ ፈሳሽ አሟምቶ ልጆቹን ነጻ ሲለቋቸው፣ የሚደገፉት ነገር ሲያጡ ቀስ በቀስ ራሳቸውን ይገለብጣሉ። እታለም በጥንቃቄ ሠራችው። የተገለበጡትን አበላች፤ ቫይረሱን ጨመረች፤ በማግስቱ ጨለማው ክፍል ገብታ ዓይኗን መነጽሩ ላይ አሳረፈች።

ኳሶቹ እንደ ገና ዛፍ መብራት ዙሪያቸውን አረንጓዴ ሆነው ይበሩ ነበር። ምግብ ከሚመጠው ጥቃቅን ጸጉራማ ፊት ጀምሮ ሕዋስ በሕዋስ ተይዟል።

«ገባ!» ብሎ ጮኸ ረጅሙ ከትከሻዋ በላይ አጮልቆ። «ኧረ እታለም፣ ገባኮ!»

እታለም ግን ያሰበችው እናቷን ነበር።

እናታቸው ያረፉት በወረርሽኙ ጊዜ ነበር፤ ነገር ግን በወረርሽኙ ሞቱ ያለ የለም። አንድም ቀን አላሳላቸውም። ማስታወክና ተቅማጥ ነበር የጀመራቸው። ሆስፒታሉ በር ላይ የቆመው ዘበኛ «ሳል አለ?» ብሎ ጠየቀ፤ «የለም» አሉት፤ «እንግዲያው በቀኝ በኩል» አለና ወደ ሆድ ሕሙማን ክፍል መራቸው። መመርመሪያው ያኔ እንደ ብርቅ ነበርና ለሚያስላቸው ብቻ ነው የሚወጣው። ያያቸው ሐኪም፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ወጣት፣ «ምን በልተው ነበር?» አለ። ሁሉም ዞር ብሎ ትንሿን አያት።

ትንሿ የቤቱ መጨረሻ ልጅ ናት። የፋብሪካ ሠራተኞች ካፌ ውስጥ ምግብ ታበስል ነበር፤ ወጥ ቤት የገባች ቀን ድስቱ ራሱ ይስቃል ይሏታል። ከእናትና አባቷ ጋር ትኖር የነበረችው፣ ጓዳውንም የያዘችው እሷ ናት። ሐኪሙ «የምግብ መመረዝ ይመስላል» ብሎ አለፈ። ትንፋሽ ሲያጥራቸው ጊዜ ሌላ ነገር የጠረጠረ ነበር፤ ግን ረፍዶ ነበር፤ ማንም ምንም ሳያጣራ አረፉ።

በቀብሩ ዕለት ታላቅ ወንድማቸው በሰው ሁሉ ፊት ትንሿን ትከሻዋን ይዞ ናጣት። «ምን አብልተሽ ነው የገደልሽብኝ? ንገሪኝ! ምን አብልተሽ ነው?» ትንሿ አንድ ቃል አልመለሰችም። ወሬው ካፌው ድረስ ደረሰ። ማንም ውጪ አላላትም፤ ግን እሷ ባለችበት ቀን ሠራተኛው ዳቦ ከቤቱ ይዞ መምጣት ጀመረ። ለቀቀችና የልብስ ንጽሕና መስጫ ቤት ተቀጥራ መተኮስ ያዘች። ወንድማቸው አባታቸውን ወደ ራሱ ቤት ወሰደ፤ በሩንም ዘጋባት።

አሁን አባታቸው አልጋ ይዘዋል። ከበሽታው ይልቅ ምግብ እምቢ ማለታቸው ነው የሚያደክማቸው። ማንኪያ ሲቀርብላቸው አፋቸውን ይገጥሙና «የትንሿን ሾርባ» ይላሉ፤ ሌላ ቃል የላቸውም። እታለም ስንቴ ለመነች! የወንድሟ መልስ አንድ ነው፤ «የሷ እጅ ያረፈበት ምግብ እዚህ ቤት አይገባም። አንዱን ወላጄን በልታለች፤ ይበቃታል።»

ይህን ሁሉ ለፕሮፌሰሯ ያን ቀን ነገረቻቸው። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ።

«በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ያየሽው በእናትሽ ላይ ሆነ ማለት አይደለም» አሉ። «ሊሆን እንደሚችል ብቻ ነው የሚነግርሽ። 'ሊሆን ይችላል'ን 'ሆኗል' አድርገሽ እንዳትናገሪ፤ አደራ።»

«ሊሆን ይችላል ራሱ ይበቃኛል» አለች እታለም። «እህቴን ከዚያ ስም ካወጣልኝ ይበቃኛል።»

ከሥራ በቀጥታ ወንድሟ ቤት ሄደች። ወንድሟን ሁለቱም እህቶች ጋሼ ነው የሚሉት። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ዕድሜውን በመንገድ የፈጀ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲናደድ የሚያስፈራ፣ ሲያዝን ደግሞ መኪናው ሥር የሚገባ ሰው። ያን ዕለትም መኪናው ሥር ነበር፤ እግሩ ብቻ ይታያል።

«ጋሼ፣ ላናግርህ ነው የመጣሁት።»

«ስለሷ ከሆነ ትራንስፖርት ሳይጠፋ ተመለሽ።»

«ስለ እማማ ነው።»

መፍቻው ብረት ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። እየተንፏቀቀ ወጣና ጎማው ላይ ተደግፎ ተቀመጠ። እታለም መሬት ላይ የጣለውን የሥራ ጓንት አነሳች። ልጆቹ እንዴት እንደሚያድጉ፣ ቫይረሱ እንዴት እምቢ እንዳላቸው፣ ከዚያም ጓንቱን ከአንጓው ይዛ እየገለበጠች እንዴት እንደተገለበጡና እንዴት እንደበሩ ነገረችው። ጋሼ ትምህርት አልገፋም እንጂ አንድ ነገር ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ሲነግሩት የሚያዳምጥ ሰው ነው።

«የአየር ማጣሪያ ላይ ያለ አቧራ ነዳጅ መስመር ውስጥ ተገኘ ነው የምትይኝ» አለ።

«እንደሱ ነው። ሰው ሳያስለው ሆዱን ብቻ ሊታመም ይችላል። ያኔ ግን ሳል ከሌለ በሽታው የለም ይባል ነበር።»

«ታዲያ ምግቡ አይደለም?»

«እማማ አልተመረመረችም፤ እርግጡን የሚነግርህ የለም። ግን ትንሿም አባባም ከዚያው ድስት በልተዋል፤ ሆዳቸውን የታመመ የለም። እስቲ አስበው፣ ጋሼ።»

ጋሼ አሰበ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ቦታውን ለቅቆ ሌላ ነገር ሲመጣ እታለም አየች፤ ማፈር መሰላት።

«ከጉሮሮ ወደ ሆድ በምን ይወርዳል?»

«ይዋጣላ። በምራቅ፣ በአክታ፤ የታመመ ሰው አፉን ባሳረፈበት ዕቃም።»

«ሆድ ውስጥ አሲድ አለ አይደል እንዴ? እንደ ባትሪ ውሃ ነው፤ ቫይረሱን አይምረውም።»

«ባዶ ሆድ ከሆነ ብዙውን ይፈጀዋል።»

ጋሼ እጁን እያየ «ወተት ቢሆንስ?» አለ።

እታለም በሥራዋ ጥያቄ ሲመጣባት ደስ ይላታል። ከልጆቹ ጎን ለጎን ያለፈውን ወር ያሳለፈችው በዚሁ ነበር፤ እንደ ባዶ ሆድና እንደ ጠገበ ሆድ ያለ ፈሳሽ እያዘጋጀች፣ የጠገበውን ለመምሰል ወተት እየጨመረች።

«እንዴት ጥሩ ጥያቄ ጠየቅህ!» አለች። «ወተት አሲዱን ያበርደዋል። እኛው ሞክረነዋል፤ በባዶው ፈሳሽ የሚያልቀው ቫይረስ ወተት ሲኖር ብዙው ሳይሞት ያልፋል። ወተት እንደ መጠለያ ይሆነዋል ማለት ነው።»

ጋሼ ጨርቅ አንስቶ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይጠርግ ጀመር። የጠረገውን ጣት መልሶ ይጠርጋል።

«ነገ አምጫት» አለ ቀና ሳይል። «ሾርባውን ይዛ ትምጣ።»

እታለም ልቧ ዘለለ። ለምን ወተት ብሎ እንደጠየቀ አላሰበችበትም። አንገቱን አቅፋ ሳመችውና እንደ ልጅ እየሮጠች ወጣች።

ትንሿ የምትሠራበት ቤት እንፋሎት ይጨስበታል። የተተኮሱ ሸሚዞች በላስቲክ ተሸፍነው ከጣሪያ ተንጠልጥለዋል፤ በመሐላቸው ትንሿ ካውያዋን ይዛ ግንባሯን በክንዷ ትጠርጋለች። እህቷን ስታይ ሳቀች።

«እታለምዬ! ምነው በሥራ ቀን? ያንቺ አንጀቶች ለቀቁሽ?»

«ትንሿ፣ ጋሼ ነገ ነይ ብሎሻል። ለአባባ ሾርባ ይዘሽ።»

ትንሿ ካውያውን እንደያዘች ቀረች። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ከዚያ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ አለቀሰች። «አባባ ይበላልኛል? እውነትሽን ነው? ካሮቱን አድቅቄ ነው የምሠራለት፤ ጥርሱ አሁን...» አለችና በድንገት ቆመች። «ቆይ። ጋሼ ምን አገኘውና ልቡ ተመለሰ? ምን አልሽው?»

እታለም ነገረቻት። ጓንቱንም፣ አረንጓዴውንም፣ ሳል የሌለው በሽታ እንዳለም። እያወራች ሳለ የትንሿ ፊት እንዳሰበችው አልበራም፤ እየጠቆረ ሄደ።

«ምን አደረግሽ፣ እታለም» አለች ቀስ ብላ።

«ከስም አወጣሁሽ ነዋ ያደረግኩት!»

«ማን አውጪኝ አለሽ?»

ትንሿ ካውያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔ አንቺ ስለምትይው አንጀት አላውቅም። የማውቀው ከድስቴ በልቼ ሆዴን እንዳልታመምኩ ነው። ያን ሰሞን ጋሼ ከመንገድ ሲመለስ እኛ ቤት ነበር የሚያድረው፤ ያስለውም ነበር። የመንገድ ብርድ ነው አለ፤ እኛም ብርድ ነው አልን። ማታውን ለጉሮሮው ወተት በማር አፍልቼ ሰጠሁት። ግማሹን ጠጥቶ እንቅልፍ መጣበትና ብርጭቆውን ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሊተኛ ገባ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እታለም ሳይነገራት አወቀችው። እናታቸው ልጆቻቸው ያስተረፉትን ጥለው አያውቁም። ሻይም ይሁን ውሃ፣ ልጅ ከንፈሩን ያሳረፈበት ብርጭቆ ታጥቦ ከመመለሱ በፊት በእሳቸው አፍ ማለፍ ነበረበት። «ከልጄ አፍ የተረፈ ለኔ ማር ነው» ይሉ ነበር።

«እማማ ጨረሰችው» አለች እታለም።

«ቆማ። ወገቧን ይዛ፣ መስኮቱ ጋ ቆማ። 'ይህን የመሰለ ወተት ይተዋል!' እያለች። በሦስተኛው ቀን እኔንም አሳለኝ። ከዚያ እሷን ሆዷን አመማት።» ትንሿ ትንፋሽ ወሰደች። «እሱ ስትጠጣው አላየም። ተኝቶ ነበር። ግን እማማን ያውቃታል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? በቀብሩ ዕለት ያን ሁሉ ሲጮህብሽ?»

«ዓይኑን አየሁታ። በራሱ ላይ የመጣበትን ጥርጣሬ እኔ አየሁት። የሚጮኸው እኔ እንድሰማ አልነበረም፤ የራሱን ላለመስማት ነው።» ትንሿ በሽሙጥ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እኔ ምን ቀረብኝ? ድስት ትቼ ካውያ ያዝኩ። ሁለቱም ይሞቃሉ። እሱ ግን ይህን ይዞ መሪ ሊጨብጥ ይችላል? አባባን ሊያስታምም ይችላል? ያን ልብ አውቀዋለሁ፤ ውጭው ነው እንጂ ብረት ውስጡኮ...»

ጨርቅ ሲያር የሚሸት ነገር ሸተታቸው። ካውያው የሰው ሸሚዝ ላይ ተኝቶ ነበር። ትንሿ አነሳችው፤ ነጩ ጀርባ ላይ ቡናማ ቅርጹን ትቷል። ሁለቱም አዩት።

«ወተት ቢሆንስ ብሎ ጠየቀኝ» አለች እታለም። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «እኔ ደግሞ... ጥሩ ጥያቄ አልኩት።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ እህቶች አብረው ሄዱ። ትንሿ ሾርባውን ክዳን ባለው ድስት ይዛ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። ጋሼ በሩን ራሱ ከፈተ። ዓይኑ ቀልቷል፤ ጺሙን አልተላጨም። ትንሿን አየት አደረገና መንገድ ለቀቀ።

«ግቢ» አለ። «አባባ ስላንቺ ሌሊቱን ሙሉ ሲጠይቅ ነው ያደረው።»

«እንደምን ሰነበትክ፣ ጋሼ» አለች ትንሿ። ከቀብሩ በኋላ መጀመሪያዋ ነው።

«አለን።»

አባታቸው ክፍል መድኃኒትና አሮጌ ብርድ ልብስ ይሸታል። ትንሿ አልጋው ጫፍ ተቀመጠችና ክዳኑን ስትከፍት የካሮቱና የሽንኩርቱ ሽታ ክፍሉን ሞላው። አባታቸው ዓይናቸውን ሳይገልጡ አፍንጫቸውን አንቀሳቀሱ።

«መጣሽ?»

«መጣሁ፣ አባባዬ። ዘገየሁብህ?»

«ጨው አስገብተሽበታል?»

«ቅመሰውና አንተው ንገረኝ።»

ቀመሱ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱ፤ እንደ ጫጩት ሌላውን ማንኪያ ጠበቁ። እታለም ግድግዳው ተደግፋ የአባቷን ጉሮሮ ሲወጣና ሲወርድ አየች፤ ለዚህ ሰዓት ብላ ነው ያን ሁሉ ያደረገችው። ደስታ አልመጣላትም። ዓይኗ ደጋግሞ የሚሄደው በሩ መቃን ላይ ወደቆመው ወንድሟ ነው። ጋሼ እህቱ ስታበላ እያየ እጁን አፉ ላይ አድርጓል፤ ጉሮሮውን ሲከረክረው ዞር ብሎ ሳሉን በክንዱ ያፍናል።

አባታቸው ግማሹን እንደበሉ በእጃቸው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። «በቃኝ። ለልጁ ስጡት» አሉ። «እናታችሁ ብትኖር አታስተርፈውም ነበር።»

ጋሼ መጥቶ ሳህኑን ከትንሿ እጅ ተቀበለና ይዞት ወጣ። ከጓዳው የቧንቧ ውሃ ድምፅ ተሰማ። ውሃው ሲፈስ ቆየ፤ ሳህን ለማጠብ ከሚበቃው በላይ ፈሰሰ፤ አልቆመም። እታለም ልትሄድ ስትነሳ ትንሿ ክንዷን ያዘች።

«ተይ። እኔ ልሂድ።»

ግድግዳው ቀጭን ነው። ውሃው ተዘጋ።

«ጋሼ።»

ሳህን መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

«ጋሼ፣ ስማኝ። ስለዚያ ወተት እያሰብክ ከሆነ፣ እማማ አልጠጣችውም።»

«ምን?»

«አንተ ስትገባ ብርጭቆውን እኔ ነኝ ያነሳሁት። ዝንብ ገብቶበት ነበር። ደፋሁት። 'የት አደረስሽው?' ብላ ተቆጥታኛለች እንዲያውም። ታውቃታለህ፤ 'ይህን የመሰለ ወተት ይደፋል!' አለችኝ።»

እታለም አባቷን አየች፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ከንፈራቸው ላይ ትንሽ ሾርባ ቀርቷል። በጣቷ ጠረገችላቸው።

ጋሼ ተመልሶ መጣና ፊቷ ቆመ። ያ ሰፊ ትከሻው ወርዷል።

«እታለም» አለ። በሕይወቱ በዚህ ስም ጠርቷት አያውቅም፤ ታላቅ እሱ ነውና። «ሰማሽ ያለችውን? እንደሱ ከሆነ ሌላ ቦታ ነዋ የያዛት? ይሆናል አይደል? አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ከኋላው፣ በጓዳው በር ላይ፣ ትንሿ ፎጣውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አይለምንም፤ ይጠብቃል። እታለም በሥራዋ ዓይኗ ያላየውን አየሁ ብላ የማታውቅ፣ በዚህም የምትኮራ ሴት ነበረች።

«ይሆናል» አለች። «ገበያ፣ ታክሲ፣ ጎረቤት... ያኔ ያልነበረበት ቦታ የለም፣ ጋሼ። ከየትም ሊይዛት ይችላል።» ይህ ሁሉ እውነት ነበር። ቀጥላም «ወተቱን ካልጠጣችው ደግሞ፣ በሱ አይደለም ማለት ነው» አለች።

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። ደጋግሞ ነቀነቀ፤ መንገድ የሚያሳዩት ሰው እንደሚያደርገው። ከዚያ ወንበር ስቦ አባቱ እግር ሥር ተቀመጠ። ትንሿ ከድስቱ ሌላ ሾርባ ቀድታ አመጣችለት። ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንፋሎቱን ሲያይ ቆየ።

«አንቺስ በላሽ?» አላት።

«ብላ አንተ። እኔ ሳበስል ስቀምስ ነው የምጠግበው።»

በላ።

ትንሿ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከካውያዋ ስትወጣ እየመጣች አባቷን አበላች፤ አባታቸው የመጨረሻዋን ማንኪያ የተቀበሉት ከእሷ እጅ ነው። ጋሼም ያንን ነገር ዳግመኛ አላነሳም፤ እህቶቹም አመንከን ብለው አልጠየቁትም። በዚያ ቤት ግን ከዚያ ወዲህ ጋሼ የጠጣበት ብርጭቆ ላይ ጠብታ ተርፎ አያውቅም። ሻይም ይሁን ውሃ እስከ መጨረሻው ይጨልጠዋል፤ ብርጭቆውንም ለማንም ሳይሰጥ ራሱ ይነሳና ያጥበዋል።